ዶሪንዳ እና የመበለቶች አሸዋ

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሁለት ሴቶች ምላስ ሆኜ ኖሬያለሁ። ደመወዝ የለው፣ ምስጋና የለው። በቀኜ ዶሪንዳ፣ በግራዬ ካሲልዳ፣ መካከላቸው እኔ ኤርሚታስ፤ ሦስታችንም ወገባችንን አጥፈን አሸዋ እንጭራለን። ካሲልዳ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ያቺን ሴትዮ ባልዲዋን ከመንገዴ ታንሳልኝ በያት» ትለኛለች። ዶሪንዳ ሦስት እርምጃ ርቃ ቃል በቃል ሰምታለች፤ ግን እኔ እስክነግራት ድረስ አልሰማችም። «ባልዲሽን አንሺ ትልሻለች» እላለሁ። «ባልዲው ከእሷ በፊት እዚህ ነበር በያት» ትላለች። ይህን ስናመላልስ የሸሸው ባሕር ተመልሶ ጉልበታችን ይደርሳል።

ቦታ ልቀይር ብል አልችልም። በመንደራችን በቪላሜዳ ሴት የምትቆመው እናቷ በቆመችበት ነው። እናቴ በእነዚህ ሁለት ሴቶች እናቶች መካከል ቆማ አርጅታለች፤ ልዩነቱ፣ እነዚያ ሲያወሩ ጆሮዋን ያደነቁሯት ነበር።

ዶሪንዳ ቁመቷ አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ ነው። በጋ ከክረምት በሱፍ ሻርፕ ላይ የገለባ ባርኔጣ ትደርባለች። የምንለቅመው ዛጎል ሁለት ቅርፊቱን ገጥሞ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚኖር ነው፤ ውሃው ሲሸሽ ከላይ የሚታየው ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ዓይኑ እንለዋለን። ሌሎቻችን ዓይኑን አይተን እዚህ ዛጎል አለ እንላለን። ዶሪንዳ ግን ዓይኑን አይታ ዕድሜውን፣ ዓይነቱን፣ ጠግቦ እንደሆነና እንዳልሆነ ትናገራለች። መጀመሪያ ጉራ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን አሥር ቀዳዳ መርጬ ፈተንኳት። አሥሩንም ተናገረች፣ አሥሩንም ቆፍራ አሳየችኝ፤ ከዚያ የእኔን ባልዲ አሸዋው ላይ ገለበጠችውና፣ «አሁን አንቺ ከመጀመሪያው ልቀሚ፤ ሥራ ስትፈቺ ትውያለሽ» አለችኝ።

ባሏ ኤላዲዮ ከአየርላንድ ማዶ በትልቅ መርከብ ላይ ሲሠራ ባሕር ወሰደው። ሴት ልጆቿ የአራትና የስድስት ዓመት ነበሩ። ወሬው በደረሰ በሦስተኛው ቀን ውሃው ሲሸሽ ጥቁር ለብሳ፣ ቦት ጫማዋን አጥልቃ መጣች። ሴቶቹ ግቢና አልቅሺ አሏት። «ውሃው ለቅሶ አያውቅም፤ ሰዓቱን ጠብቆ ነው የሚሄደው» ብላ መጫሪያዋን አነሳች። አሸዋው የመበለቶች አሸዋ የተባለው ከእሷ በፊት ነው፤ እንደ እሷ ያሉ ሴቶች ስለ ሞሉበት ነው።

ያን ጊዜ ማንም ያገኘውን ይለቅም ነበር። ጥፍር የማያህለው ሳይቀር ወደ ባልዲ ይገባል። አሸዋው ሊራቆት ጥቂት ሲቀረው ዶሪንዳ የነሐስ ቀለበት አሠርታ ቤት ለቤት ዞረች። «በዚህ የሚያልፍ ሁሉ ልጅ ነው፤ ልጅ አይበላም» አለች። ሳቁባት። እሷም ሳቃቸውን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ በሁሉ ፊት የራሷን ባልዲ አንድ በአንድ በቀለበቱ ለካች፣ ግማሹን ወደ አሸዋው መለሰች፣ በግማሽ ባልዲ ቤቷ ገባች። ይህን አርባ ቀን ደጋገመችው። በአርባ አንደኛው ቀን እናቴ ቀለበቱን ተዋሰቻት። ማኅበራችን የተጀመረው እንዲህ ነው። ከወንበር ላይ ሆኖ ማኅበር ያቋቋመልን ሰው የለም፤ ይህን ደጋግሜ ብናገር አይታክተኝም።

አንዴ ከከተማ የመጣ ፎቶ አንሺ እኛን እያየ ከንፈሩን መጠጠ። እንዴት ያለ መከራ ነው፣ ወገባችሁስ እንዴት ቻለው አለ። ዶሪንዳ መጫሪያዋን ተደግፋ አየችው። «አንተን ወገብህን አሞህ አያውቅም?» አለችው። ያመኛል አለ፤ ቢሮ ተቀምጬ ስለምውል ነው አለ። «እንግዲህ ያንተ በመቀመጥ፣ የእኔ በመሥራት ነው። ለማናችን ነው ከንፈር የሚመጠጠው?» ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች። ፎቶው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ዶሪንዳ እንደ ጳጳስ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ እኔ ከኋላዋ አፌን ከፍቼ እስቃለሁ።

በአሸዋችን ላይ ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት አይደለም። የተስማማች መጫሪያዋን ጥርሱን ቀብራ፣ እጀታውን ወደ ሰማይ ታቆመዋለች። ያልተስማማች ታጋድመዋለች። በሥራ ቀን ለሚነሣ ነገር የሚበዛው ያሸንፋል። አሸዋው እንዲያርፍ በተከለለበት ወራት ግን ሌላ ሕግ አለ፤ አሸዋውን ለመንካት መጫሪያ ሁሉ መቆም አለበት። አንዱ ከተጋደመ ሁሉም ይጋደማል። ይህን ሕግ ያወጣችው ዶሪንዳ ራሷ ናት፤ ያወጣችውም ከዚያ ክፉ ክረምት በኋላ ነው።

ስለዚያ ክረምት ልናገር። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ አሸዋው በተከለለበት በታኅሣሥ፣ ዝናቡ አላቋርጥ አለ። ላይኛው ግድብ ሞልቶ በሮቹ ተከፈቱ፤ የወንዙ ውሃ ወደ ባሕረ ሰላጤያችን ወረደ። ዛጎል ጨው የሌለው ውሃ ሲመጣበት ወደ ታች ይገባል፣ ቅርፊቱን ይዘጋል፣ ትንፋሹን ይይዛል። ሦስት አራት ቀን ይችላል። ከዚያ በላይ አይችልም። ያን ጊዜ ዓይኖቹ በሙሉ ከአሸዋው ላይ ጠፉ። ካሲልዳ፣ «ውሃው የወንዝ ነው፤ ዛሬውኑ ቆፍረን ወደ ውጭው አሸዋ እናውጣቸው» አለች። የማኅበሩ አለቃ ዶሪንዳ ነበረች፤ ካሲልዳ በሚቀጥለው እሑድ በአለቃነት ልትወዳደራት ስሟን አስመዝግባለች። ከትምህርት ቤት ጀምሮ ማን ቀድሞ ሮጠ፣ ማን ቀድሞ አገባ እየተባባሉ ያደጉ ናቸው። ዶሪንዳ፣ «ብርድ ነው ያስገባቸው፤ እንጠብቅ» አለች። የዶሪንዳን ዓይን ማን ይጠራጠራል? ጠበቅን። በአራተኛው ቀን አሸዋው በተከፈቱ ቅርፊቶች ነጣ። ሽታው ቤተ ክርስቲያን ድረስ ገባ።

መቶ አርባ ሴቶች ነበርን። በዚያ ዓመት ሥራ የፈታው ሁሉ እግሩ ወደመራው ሄደ። ባሌ ትልቅ መርከብ ላይ ተቀጥሮ ሄደና ሁለተኛ ልጄን ብቻዬን ወለድኩ። ከሄዱት አርባ ሴቶች አልተመለሱም፤ የካሲልዳ ልጅ ከእነሱ አንዷ ናት። ስዊዘርላንድ አገር ባዝል ከተማ ውስጥ ሆቴል ታጸዳለች፤ በዓመት አንዴ መጥታ የእናቷን ቦት ጫማ አይታ ታለቅሳለች። ካሲልዳ ከዶሪንዳ አንድ ቃል ጠብቃ ነበር፤ «ልክ ነበርሽ» የሚል። ዶሪንዳ ግን፣ «አላወቅኩም፤ ብርድ መስሎኝ ነው» ብላ ለሁሉም እኩል ተናገረች። አለቃነቱን ለቀቀች፣ ሕጉን አወጣች፣ ያንን ቃል ግን አልወረወረችም። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ? ካሲልዳም ምላጩን ዋጠችው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ንግግራቸው በእኔ በኩል ሆነ።

አሁን ሃያ ዘጠኝ ነን። ከሁላችን ትንሿ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ «ሕፃኗ» ነው የምንላት። በየጥር ወሩ የባሕር ሕይወት ባለሙያዋ ኢሪያ በየቦታው የብረት ክፈፍ ጥላ፣ በውስጡ ስንት በሕይወት ያለ ዛጎል እንዳለ ትቆጥራለች። አምና በጥር ለጥቂት ነው ያለፍነው። ቁጥሩ ከመጠኑ ካነሰ አሸዋው ሦስት ዓመት ይዘጋል። ለወጣት ሦስት ዓመት ምንም አይደለም፤ በእኛ ዕድሜ ግን የተቀመጠ ጉልበት ተመልሶ አይነሣም፤ ከተዘጋ ማንም እንደማይመለስ ሁላችን እናውቃለን። ዶሪንዳ ደግሞ ዕድሜዋ ደርሶ በጥር መጨረሻ የመልቀሚያ ፈቃዷን ልትመልስ ነበር። ከመውጣቷ በፊት ምኞቷ አንድ ብቻ ነበር፤ አሸዋውን በሕይወት ሳለ ትታ መውጣት። ይህን ለኢሪያም፣ ለቄሱም፣ ለዳቦ ሻጩም ነግራለች።

ባለፈው ታኅሣሥ፣ አሸዋው እንደ ልማዱ ተከልሎ ሳለ፣ ዝናቡ አሥራ አንድ ቀን ወረደ። ግድቡ በሮቹን መክፈቱ ተነገረ። በማግስቱ ጠዋት ማንም ሳይጠራን፣ ሥራ በሌለበት ቀን፣ ሃያ ዘጠኛችንም መጫሪያችንን ይዘን ባሕሩ ዳር ካለው ግንብ ሥር ተገናኘን። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ውሃው ሲሸሽ አሸዋው ልሙጥ ሆኖ ወጣ። አንድም ዓይን አይታይም።

ዶሪንዳ ወደ ቦታዋ ሄዳ ተንበረከከች። እጇን እስከ ክርኗ ድረስ አስገብታ ከጉድጓዱ በመዳፏ ውሃ ጨለፈችና ቀመሰችው። ሁላችን አፏን እናይ ነበር። ተፋችው። ከዚያ ተነሥታ መጫሪያዋን ተከለች፤ ጨው የለውም፣ እንቆፍር ማለቷ ነው።

ኢሪያም መጥታ ነበርና ጠየቅናት። ልጅቷ ሐቀኛ ናት፤ ለዚህ ነው የምንወዳት። ጨው የሚለካው መሣሪያዋ ጥልቁ ውሃ መካከል እንደሆነና እዚያ ጨው እንዳለ ነገረችን። ስለዚህኛው አሸዋ ግን ምንም ማለት እንደማትችል፣ የአሸዋ ናሙና ወስዳ ውጤቱ እስኪመጣ ሁለት ቀን እንደሚፈጅ ነገረችን። ሴቶቹ ከመስማማትም ከመቃወምም ያልሆነ ጉምጉምታ ጀመሩ። ያላደገ ዛጎል በክረምት ተቆፍሮ ሲጓጓዝ ስንቱ እንደሚሞት ይታወቃል። ወንዙ ካልመጣ በገዛ እጃችን ፈጀናቸው ማለት ነው። ኦብዱሊያ የምትባለው ትልቋ ሴት፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን» አለች። እንዲያም ብላ ግን የዶሪንዳን ፊት ትንሽ አይታ መጫሪያዋን አቆመች። እኔም አቆምኩ። አንድ በአንድ ሃያ ስምንት እጀታ ቆመ።

ካሲልዳ የሷን አላቆመችም፤ አላጋደመችምም። በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛዋለች። ዕድሜዋ ስልሳ አራት ነው፤ ፊቷ ግን እንደዚያ ቀን አርጅቶ አይቼው አላውቅም።

«ንገሪያት» አለችኝ፤ ዓይኗ እኔ ላይ ነው። «የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ይኸው ውሃ ነበር፣ ይኸው አሸዋ ነበር፣ ይኸው ምላስ ነበር። ያን ጊዜ ያላወቀችውን ዛሬ በምን አወቀችው? ይህን ትመልስልኝ፤ መጫሪያዬን የማቆመውም የማጋድመውም ከዚያ በኋላ ነው።»

ወደ ዶሪንዳ ዞርኩ። ጥያቄውን መድገም አላስፈለገኝም። ለነገሩ መልሱ ቀላል ነበር። ዕድሜ አስተማረኝ ብትል ይበቃት ነበር፤ ሁላችን እናምናት ነበር፤ ካሲልዳም እየመረራት ታምናት ነበር። ውሃው ተመልሶ እስኪመጣ የቀረን ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ዶሪንዳ ባርኔጣዋን አወለቀች። ሽበቷ ሻርፑ ላይ ተበተነ።

«ያን ጊዜም አውቄዋለሁ» አለች።

ባርኔጣዋን በቆመው መጫሪያዋ እጀታ ላይ ሰቀለችው።

«ቀምሼዋለሁ። ጨው አልነበረውም። ቀድማ የተናገረችው ግን ካሲልዳ ነበረች። እሑድ ምርጫ ነበር። በእናንተ ፊት እሷ ልክ፣ እኔ ስሕተት እንድሆን አልፈለግኩም። አንድ ቀን ብንቆይ ምን ይሆናል አልኩ። ከዚያ አንዱ ቀን አራት ሆነ። አላወቅኩም እያልኳችሁ የኖርኩት ውሸት ነው። አውቄ ነው የገደልኳቸው።»

እውነቱን ልናገር፤ ያን ጊዜ ከካሲልዳ በላይ የተናደድኩት እኔ ነኝ። ብቻዬን የወለድኩበት ክፍል፣ ባሌ በስልክ የሰማው የልጁ ለቅሶ ትዝ አለኝና ደሜ ፈላ። ሃያ ሁለት ዓመት የዚህችን ሴትዮ ቃል ተሸክሜ ሳመላልስ፣ ዋናውን ቃል ከሆዷ አላወጣችውም። የቆመ መጫሪያዬን ነቅዬ ልጥለው እጄን ሰደድኩ። እጀታውን ጨብጬ ቆምኩ። ግን ልጥለው አልቻልኩም። ውሸቱን ብትደግመው ማንም የማያውቅባት ሴት፣ ክብሯን እንደ ባልዲ አሸዋው ላይ ገልብጣ ቆማለች። የገለበጠችውም ለራሷ አልነበረም፤ በአንድ ወር ውስጥ ለምትተወው አሸዋ ነው። ኩራት እራት አይሆንም ይላሉ። የዶሪንዳ ኩራት ግን ያን ቀን ለሃያ ዘጠኝ ሴቶች እራት ሆነ፤ ያኔ እውነቱን አስደብቋት ያራበንን ያህል።

ካሲልዳ መጫሪያዋን ከፍ አድርጋ በሙሉ ክብደቷ አሸዋው ላይ ሰካችው፤ ጥርሱ በሙሉ ጠፋ።

«ንገሪያት» አለችኝ። «ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው እስካሁን ደረቴ ይነፋል። ኢሪያ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ የመቆፈር ፈቃድ እየለመነች በአንድ እጇ ባልዲ ትይዝ ነበር። ሴቶቹ በአንድ ረድፍ ተሰልፈን፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ከወትሮው በእጥፍ ጠልቀን ቆፈርን። ዛጎሎቹ አፋቸውን ገጥመው፣ ቀዝቅዘው፣ ከባድ ሆነው ወጡ። የሞተ ቀሎ ይገኛል፤ እነዚህ አልቀለሉም። ዶሪንዳ አንዱን በጥፍሯ መታ መታ አድርጋ ጆሮዋ ላይ አስጠጋችና፣ «አለ» አለች። ቃሉ በረድፉ ውስጥ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ፤ አለ፣ አለ፣ አለ።

ሴቶች በተከለለ ጊዜ አሸዋ ላይ ናቸው የሚለውን ወሬ የሰሙ ኦክቶፐስ አጥማጆች ትንንሽ ጀልባዎቻቸውን ይዘው መጡ። የቀሩት ስድስት ጀልባዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም እንደ እኛው ናቸው፤ ወራሽ የላቸውም። ከመካከላቸው ፉኮ የሚባለው ሽማግሌ ገና ከሩቁ፣ «ምን ሰርቃችሁ ነው የምትሸሹት?» ብሎ ጮኸ። ዶሪንዳ፣ «ባል ነው የምንሰርቀው፤ አንተን ግን ትተንሃል» አለችው። ወንዶቹ ጆንያውን እየተቀበሉ ለመርከቦች ከሚያበራው የመብራት ማማ ሥር ወዳለው ውጭ አሸዋ አመላለሱ፤ እዚያ የወንዙ ውሃ አይደርስም። ግማሾቻችን እዚያ ሄደን ዛጎሎቹን እንደገና ዘራናቸው፤ ጠባብ እንዳይሆንባቸው እየለየን፣ ትንሹን ከትልቁ እያራቅን።

ካሲልዳ ሳታስበው አለቃ ሆነች። ድምፅዋ ከባሕሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል፤ አንቺ እዚህ፣ አንቺ እዚያ፣ ያ ጆንያ ሞላ። ዶሪንዳን ስትደርስ ግን ወደ እኔ ዞረች። «ያቺን ሴትዮ ወገቧን ቀና ታድርግ በያት፤ ስልሳ አምስት ዓመቷ ነው።» ነገርኳት። «ስልሳ ስድስት ነው በያት» አለች ዶሪንዳ፤ መቆፈሯን አላቆመችም።

በማግስቱም ውሃው ሲሸሽ ወጣን፣ በሦስተኛውም ቀን። በአራተኛው ቀን የቀረው አሸዋ ውስጥ ያልደረስንባቸው ቅርፊታቸውን ከፍተው መውጣት ጀመሩ። የኢሪያ የአሸዋ ናሙና ውጤትም ዘግይቶ ያን ቀን ደረሰ፤ ጨው የለም ይላል። ወረቀቱን ለዶሪንዳ ስታሳያት፣ «አዎ፣ ምላሴም እንዲሁ ነው የሚጽፈው» አለች።

አንድም ሴት ዶሪንዳን በነገር አልወጋቻትም ብል ውሸት ነው። ኦብዱሊያ አንድ ሳምንት አኮረፈቻት። እኔ ደግሞ ከዶሪንዳ ቤት የተላከልኝን ኤምፓናዳ፣ ሆዱ በዓሣ የተሞላ ዳቦ፣ ሳልቀምስ ሁለት ቀን አስቀምጬ በሦስተኛው ቀን በላሁት፤ ጥሩ ነበር፤ ይህም አናደደኝ። ሄጄም ነገርኳት። ስለ ልጄ ነገርኳት፣ ስለዚያ ክፍል ነገርኳት። ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ይቅርታ አላበዛችም። «ልጁ አሁን ስንት ዓመቱ ነው?» አለችኝ፤ መለስኩላት፤ «ያን ያህል ዓመት ዋሽቼሻለሁ ማለት ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ልቤ ቀስ እያለ በረደ።

በጥር ኢሪያ ክፈፏን ይዛ መጣች። ውስጠኛውን አሸዋ ቆጠረች፤ ፊቷ ጠቆረ። ከመብራት ማማው ሥር ሄደች። እኛ ግንቡ ላይ ተደርድረን ተቀምጠን እናያለን። ክፈፉን ጣለች፣ ቆፈረች፣ ቆጠረች፤ ሌላ ቦታ ጣለች፣ ቆፈረች፣ ቆጠረች። ስትመለስ እየሮጠች ነበር፤ በዚያ ቦት ጫማ መሮጥ ደግሞ ከባድ ነው። አልፈናል አለች፤ ካለፈው ዓመት እንኳ በለጥን አለች። ሃያ ዘጠኝ ሴቶች በአንድ ጊዜ ስንጮህ የግንቡ ወፎች በሙሉ ተነሡ። አሸዋው አልተዘጋም። በመጋቢት ያንን ዘር ወደ ቤቱ እንመልሰዋለን።

የዶሪንዳ የመጨረሻ ቀን የጥር ወር ማለቂያ ነበር፤ ክልሉ ተነሥቶ ሥራ ጀምረናል። የምትወጣ ሴት መጫሪያዋን በቦታዋ ተክላ ትሄዳለች፤ ሰው ካለ ይወርሳል፣ ሰው ከሌለ ውሃው ይወስደዋል። ድሮ ለአንድ መጫሪያ ሁለት ሦስት ሴቶች ይጣሉ ነበር። የዶሪንዳን የምትወርስ የለችም፤ ልጆቿ ከተማ ናቸው። እሷ ግን አላዘነችም፤ ወይም አዝና ቢሆን አላሳየችም። ቦታዋ ላይ ቆማ እጀታውን በሻርፏ ጠረገችው። ውሃው እየተመለሰ ነበር። መጫሪያዋን ተከለች፣ ባዶ ባልዲዋን አነሣች፣ ወደ ግንቡ መራመድ ጀመረች።

ካሲልዳ ቆማ ጀርባዋን አየቻት። ከዚያ የዶሪንዳን መጫሪያ ከውሃው ነቅላ ያዘችው። የራሷን በቀኝ እጇ፣ የዶሪንዳን በግራዋ። ወደ እኔ ዞረች።

«ንገሪያት» አለች። «ነገ ውሃው በሦስት ሰዓት ተኩል ይሸሻል በያት። መቆፈር ባትችልም ግንቡ ላይ ተቀምጣ ዓይን ታሳየን በያት። ሁላችን ዕውር ነን በያት።»

ደክሞኝ ነበር። ብርዱም ነበር። ሃያ ሁለት ዓመትም ነበር።

«ራስሽ ንገሪያት» አልኳት። «የእኔ ምላስም ዕድሜው ደርሷል፤ ፈቃዱን መልሷል።»

ካሲልዳ በዓይኗ ልትበላኝ ደረሰች። ውሃው ቁርጭምጭሚታችን ላይ ደርሷል። ዶሪንዳ ግንቡ አጠገብ ደርሳለች።

«ዶሪንዳ!»

ድምፁ ቀጭን ሆኖ ወጣ፤ የልጅነት ድምፅ ይመስል ነበር። ዶሪንዳ ባለችበት ቆመች። ወደ ኋላዋ ወዲያው አልዞረችም።

«ነገ በሦስት ሰዓት ተኩል ነው!» አለች ካሲልዳ። «እንዳታረፍጂ!»

ዶሪንዳ ዞረች። ካሲልዳን አየቻት፤ በእጇ ያሉትን ሁለት መጫሪያዎች አየች። ባርኔጣዋን ወደ ታች ሳብ አደረገችው፤ ዓይኗን እንዳናይባት ነው። ከዚያ ከዚያው ከግንቡ ሥር ሆና ወደ እኔ ጮኸች።

«ኤርሚታስ! ሰምቻለሁ ብላለች በያት!»

አልነገርኳትም። ካሲልዳ ሰምታለች።